ሳንባ ውስጥ የሚቀረው

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ ሜሮን ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ምሳ ጋበዘችኝ። ያዘዝነው እስኪመጣ አገጯን በእጇ ደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣

«ማሚ፣ ኦነስትሊ፣ ሥራሽ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለችኝ።

«ላብራቶሪ ነዋ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ምን?»

«አይጦች ደቃቅ ብናኝ ያለበት አየር ይስባሉ። ከሳቡት ውስጥ ምን ያህሉ ሳንባቸው ውስጥ እንደሚቀር እንለካለን።»

«ሶ ቤዚካሊ አይጥ እያስተነፈስሽ ነው ያሳደግሽኝ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ ግን፣ «ከዚያስ? አይጦቹ ምን ይሆናሉ?» አለች።

«ሳንባቸው እንዲታይ መሞት አለባቸው።»

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ።»

ወዲያው ሌላ ወሬ አነሳች። እኔን ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ልጄ ሥራዬን ሳታውቅ ያደገችው ደብቄያት አይደለም። ከሥራ ስመለስ ስለ አይጥ ሞት የሚያወራ አፍ አልነበረኝም፤ እሷም እያደገች ስትሄድ መጠየቁን ተወችው። አሁን እሠራበት የነበረው ክፍል ተዘግቷል። እንሠራ የነበረውን አብዛኛውን ነገር ዛሬ በኮምፒዩተርና በሳህን ላይ በሚያድግ የሰው ሳንባ ሕዋስ ይሠሩታል። ይህም ደግ ነው፤ ቅር አላለኝም። ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር እንዲሁ እንዲጠፋ አልፈልግም።

አገር ቤት ሳለሁ ቢሾፍቱ በእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ነበር የምሠራው፤ ዋናው ሥራዬም የሞቱ ዶሮዎችን ከፍቶ በሽታቸውን መፈለግ ነበር። ባለቤቴ ግርማ ስፖንሰር አድርጎኝ ቶሮንቶ ስመጣ ያ ሁሉ ልምድ ለመቀጠሪያ አልጠቀመኝም። ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራይተን እኔ ሆቴል ክፍል ሳጸዳ፣ እሱ ታክሲ ሲነዳ ቆየን። በኋላ የእንስሳት እንክብካቤ ኮርስ ወሰድኩና በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። በሩ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሳስበው ግን ሁልጊዜ «የማስተንፈሻው ክፍል» እለዋለሁ።

የተቀበሉኝ ሚስተር ደስመንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ስላቸው ስለኖርኩ እዚህም እንዲሁ እጽፋቸዋለሁ። ጃማይካ ተወልደው ወጣት ሳሉ የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። በዚያ ክፍል ያልሠሩት ሥራ አልነበረም። ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ እጄን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው አሸተቱ።

«ሎሽን ተቀብተሻል።»

«ትንሽ።»

«ከነገ ጀምሮ ሎሽን የለም፣ ሽቶ የለም፣ የፀጉር ቅባትም የለም። አይጦቹ የሚያውቁሽ በጠረንሽ ነው። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ሰው ከሆንሽባቸው አያምኑሽም።»

ከዚያ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ታጥበው አደረቁና ነጩን አይጥ ከሥሩ በመዳፋቸው ሰብስበው አነሱት። በጭራው አልያዙትም፤ ከላይም አልነጠቁትም። «ከላይ የሚመጣባቸው ጭልፊት ብቻ ነው» አሉኝ። ቀዝቃዛ እጅ አይጥ ሲነካ ካዩ ሰውየውን ከክፍሉ ያስወጡት ነበር፤ ዶክተርም ይሁን ተማሪ።

በክፍሉ መሀል እስከ አንገቴ የሚደርስ የብረት ዓምድ ቆሟል፤ ታወር እንለዋለን። ዙሪያውን ቀዳዳዎች አሉት። እያንዳንዱ አይጥ ጫፉ በጠበበ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ይገባና አፍንጫው ብቻ በቀዳዳው በኩል ወደ ታወሩ ይዘልቃል። ብናኙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከላይ ይወርዳል፤ አይጡ ያንን ይስባል፤ የሚያወጣው አየር ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ብናኙ ትንሽ ከተለቀ አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ በጣም ከደቀቀ ደግሞ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከሥራ በፊት አየሩን እንደ ወንፊት በተደራረበ መሣሪያ እናሳልፈዋለን፤ ትልልቁ ከላይ፣ ደቃቁ ከታች ይያዛል። በየደረጃው ብናኙ ያረፈበትን ሳህን በሚዛን እንመዝናለን። ቶሮንቶ በዊንተር አየሩ ሲደርቅ ብናኙን የሚይዘው የፊልተር ወረቀት ልክ ሹራብ ሲወልቅ እንደሚንጣጣው ኤሌክትሪክ ይይዝና ሚዛኑ አንድ ቁጥር ላይ አልቆም ይላል። እንደዚያ ሲሆን ሚስተር ደስመንድ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። «ይረጋጋል» ይላሉ፤ «ወይ እሱ ይረጋጋል፣ ወይ እኛ።»

ሲያበቃ አይጦቹ በጋዝ ከባድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በዚያው ያልፋሉ። ሚስተር ደስመንድ በሥራ ቀን ሬዲዮ ከፍተው ክሪኬት ያዳምጣሉ፤ ወደዚያ ደረጃ ስንደርስ ግን ያጠፉታል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ በዚያ መሀል ቀልድ ጀመረ። ሥራቸውን አቁመው አዩት። ልጁ ዝም እስኪል ቆሙ።

ከዚያ ሳንባው ይወጣል። የአይጥ ግራ ሳንባ አንድ ወጥ ነው፤ የቀኙ ግን በአራት ይከፈላል። ሁሉም ለየብቻ ይለካል። ብናኙ የሚያበራ ቀለም ስላለው በየክፍሉ ስንት እንደቀረ መሣሪያ ያነበዋል። ሳንባው ብቻ አይደለም፤ አፍንጫው፣ ጉሮሮው፣ ሆዱ፣ የፊቱ ፀጉር ሳይቀር ይለካል። አይጥ ፊቱን ሲጠርግ ፀጉሩን ይልሳል፤ የላሰውም ሆዱ ይገባል። የሰጠነውና ያገኘነው ካልገጠመ ሚስተር ደስመንድ አይላወሱም። «የጎደለው የት ገባ?» የሚል ነው ጥያቄያቸው። መጀመሪያ ዓመቴ ላይ ከዱቄት ብናኝ ሥራ ጉልህ የሆነ ነገር ጎደለብን፤ የዳቦ ቤት ሠራተኞች ስለሚስቡት ዱቄት ነበር ጥናቱ። እኔ ሚዛኑን ጠረጠርኩ። እሳቸው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በመብራት እያዩ አንዱን ሰጡኝ። ዱቄቱ ከውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ እንደ ውርጭ ተለጥፏል። «አየሽ፣ አይጡ ያልሳበውን ሳበ ልትዪ ነበር» አሉኝ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለማለማመዱ ነው። አይጥ ድንገት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከገባ ይደነግጣል። ስለዚህ ከመለኪያው ቀን አስቀድመን፣ ቀስ በቀስ፣ በመጀመሪያ ቱቦውን እንዲያሸት፣ ከዚያ በገዛ ፈቃዱ እንዲገባ፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ እናደርጋለን። በመጨረሻ ገብቶ የሚያንቀላፋ አለ። ሚስተር ደስመንድ ቱቦው ፊት ተንበርክከው የአይጡን ጎን ከፍ ዝቅ ሲል ያያሉ። «የፈራ እንስሳ የሚነግርሽ ስለ ፍርሃቱ ነው እንጂ ስለ ሳንባው አይደለም» ይሉኝ ነበር።

አለቃችን ዶክተር ፋርሃድ ይባላሉ፤ ኢራናዊ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ። የእሳቸው ሥራ ሞዴሉ ነው። የትንፋሽ ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ደግሞ እንደገና ለሁለት፤ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ዓይን የማያየው ከረጢት ላይ ይደርሳል። ዶክተሩ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ስፋትና ርዝመት፣ የብናኙን መጠን፣ የአይጡን የአተነፋፈስ ፍጥነትና ጥልቀት ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባሉ፤ ሞዴሉ ደግሞ ይህን ያህል አፍንጫ ላይ፣ ይህን ያህል ቧንቧ ላይ፣ ይህን ያህል ጥልቁ ውስጥ ይቀራል ብሎ ይገምታል። እኛ የለካነው ከግምቱ ጋር ሲቀራረብ ከአይጡ ተነስተው ወደ ሰው ይሻገራሉ፤ ለሰው ስንት ቢሰጥ ስንቱ ሳንባው ይደርሳል የሚለውን ያወጣሉ። ሐኪሞች የሚጠብቁት ያንን ነው።

ብዙ ዓመት እንዲህ ሠራን። ደመወዙ ከሆቴሉ ይሻላል፤ ልጄን አስተማርኩበት፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ያ ክፉ ጊዜ የመጣው ሳንባቸው ጠባሳ እያወጣ ለሚደርቅባቸው በሽተኞች የሚሆን፣ በትንፋሽ የሚወሰድ መድኃኒት ስንሠራ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር። ሥራውን ተከፋፍለናል። የአይጦቹን ትንፋሽ የምለካው እኔ ነኝ፤ እኔ ያለማመድኳቸውን ጥቂት አይጦች በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ክፍል። መድኃኒቱ በታወሩ የሚሰጣቸውን ብዙዎቹን የሚያለማምዱት ደግሞ ሚስተር ደስመንድ ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ግራ ገባን። ሞዴሉ ጥልቁ ውስጥ ይቀራል ያለው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው አፍንጫ ላይ ቀርቷል። ደገምነው፤ ያው ነው። ብናኙን ፈተሽን፤ ልክ ነው። ሚዛኑ ልክ ነው። የጎደለ ነገር የለም፤ ሁሉም ተገኝቷል፤ የተገኘው ግን ያለቦታው ነው።

በመጨረሻ ዶክተር ፋርሃድ ሰበሰቡንና፣ «መለኪያችን እውነት ከሆነ ስህተቱ ሞዴሉ ላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒት ማስተካከያ አስገባለሁ» አሉ። ያ ማስተካከያ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጥልቁ ውስጥ የሚደርሰው ትንሽ ነው ከተባለ ለበሽተኛው አብዝታችሁ ስጡት ይባላል። የታመመ ሳንባ ላይ መድኃኒት ማብዛት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

በዚያ ጊዜ ሚስተር ደስመንድ ያስላቸው ነበር። ቤታቸው ከኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ጀርባ ነው፤ የምድር ውስጥ ባቡር ቁፋሮ ዓመት ከዓመት መንገዱን ገልብጦት የሰፈራቸው ፀጉር ቤትና ዳቦ ቤት በአጥር ተከልለው ቀርተዋል። «ይኼ የኤግሊንተን አቧራ ይገድለኛል» ይላሉ። ሁላችንም አመንን። ከዚያ ወደ ጃማይካ ለእረፍት ሄዱ። ሲመለሱ ሳሉ የለም፤ መልካቸውም በርቶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ እቤታቸው አረፉና ሰኞ ሥራ ገቡ። ማክሰኞ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ደረታቸው እንደ ፉጨት ያሰማ ጀመር።

ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ስገባ አይጦቹን ወደ ቱቦ ሲያስገቡ አገኘኋቸው። አስገቡ፤ ሳል ሲይዛቸው ወዲያው አይጦቹን አወጡና ወደ ደረጃው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው የአስም መድኃኒት የሚሳብበትን ፓፈር አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ሲያዩኝ ኪሳቸው ከተቱት።

«አቧራው ነው» አሉ።

«ሚስተር ደስመንድ፣ ቁፋሮው አጠገብ ሁለት ቀን አርፈው ደኅና ነበሩ። የጀመረዎት እዚህ ሲገቡ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

 ትንፋሻቸው እስኪመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የአይጥ ሽንትና ፎረፎር ሲደርቅ አየር ላይ ይነሳል፤ ዓመታት ሲሳብ ሰውነታቸው የሚቆጣባቸው ሰዎች እንዳሉ ሁለታችንም ኮርስ ላይ ተምረናል። ራሳቸው ተናገሩ።

«ካንቺ በፊት አውቄዋለሁ። ግን ከዚህ ክፍል ውጭ የማውቀው ነገር የለም፣ ስንዱ። ካወጡኝ ምን ልሠራ ነው? በር ላይ ቆሜ የሰው መታወቂያ ልፈትሽ?»

«አይጦቹስ? ሳይለምዱ ነው የሚገቡት?»

ፓፈሩን ኪሳቸው ውስጥ ዳበሱት። «አንዳንድ ቀን አሳጥረዋለሁ። ሳሉ ሲጠናብኝ።»

ወዲያው ገባኝ ብል ውሸት ነው። የታወቀኝ ያስተማሩኝን ነገር እሳቸው ራሳቸው መተዋቸው ነው፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይህን የሚያደርገው ምን ያህል ቢታመም ነው ብዬ አሰብኩ።

«ለዶክተሩ ይንገሯቸው» አልኩ።

«አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ይንገሯቸው። ካልነገሩ እኔ እነግራለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ስላስተማሩኝ ነው።»

ተነስተው ደረጃውን ወረዱ። 

ቤት ገብቼ ለግርማ ነገርኩት። ቀስ ብሎ ሰማኝና፣ «ስንዱ፣ በሰው እንጀራ አትግቢ። ለጡረታ ምን ያህል ቀራቸው? ይታገሱበት» አለኝ።

«እስከዚያ ባይደርሱስ?»

«የራሳቸው ጉዳይ ነዋ። ትልቅ ሰው ናቸው።»

«መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎችስ?»

 «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ተነሳ። እኔም አላወቅሁም። አገሩን ሳላውቅ፣ ቋንቋው ሳይፈታልኝ፣ እጄን ይዘው ሥራ ያስያዙኝ ሰው ናቸው። የሆነ ሰው በእንግሊዝኛዬ ሲያሾፍ ቆመው የተከራከሩልኝ ሰው ናቸው። ቢያወጧቸው ማን እንዳደረገው ያውቃሉ። ቢሞቱ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

እንዲናገሩ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። ዶክተር ፋርሃድ ማስተካከያውን ለሐኪሞቹ የሚልኩበት ቀን ሲደርስ ጠዋት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ።

ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ስለ ሳሉ፣ ስለ ፓፈሩ፣ ስለ ማለማመዱ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ትንፋሻቸውን የለካሻቸው አይጦች አንቺ ያለማመድሻቸው ናቸው?»

«አዎ።»

«ታወሩ ላይ የገቡት ግን ያልለመዱት።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ስለዚህ የተረጋጋ አይጥ ትንፋሽ ሰጥቼው የደነገጠ አይጥ ሳንባ እንዲገምትልኝ ጠብቄያለሁ። የደነገጠ አይጥ ቶሎ ቶሎ፣ ከላይ ከላይ ነው የሚተነፍሰው። ብናኙ በፍጥነት አፍንጫው ላይ ይመታል፤ ወደ ውስጥ አይደርስም። ሞዴሉ አልተሳሳተም።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ገረጣ። «በየሳምንቱ አብሬው እሰበሰባለሁ» አሉ። «ሲያስለው ሰምቼ ውሃ አቀብዬዋለሁ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለነው ሰዎች ሥራችን ሳንባ ነው፣ ስንዱ።»

የእነዚያ ወራት ሥራ በሙሉ ተጣለ። ይህንን ነው ለሜሮን በምሳ መሀል ልነግራት ያልቻልኩት። የሞቱት አይጦች ለመድኃኒት ነው የሞቱት ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እኅት «ይኼ ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ለሰው ሕይወት ነው፣ በከንቱ አይደለም» ብዬ መልሻለሁ። እነዚያ ግን በከንቱ ሞቱ። የቀሩትን ናሙናዎች ከማቀዝቀዣው አውጥቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አዲስ አይጦች መጡልን፤ ከመጀመሪያው ጀመርን።

ሚስተር ደስመንድን በዚያው ሳምንት ከክፍሉ አወጧቸው። ሐኪሙ የሥራ አስም ነው አለ። ላይ ፎቅ የቢሮ ሥራ ሰጧቸው፤ ጥቂት ቀን ሠርተው አቆሙ። ካሳውና ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ኋላ ተሳካላቸው። ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ሬዲዮናቸውን ታቅፈው በአጠገቤ አለፉ። ሰላም አልኳቸው። አላዩኝም።

ወር ያህል ቆይቼ ብርቱካን ኬክ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከኤግሊንተን ዌስት ጣቢያ ወርጄ፣ በቁፋሮው አጥር ዳር በጣውላ መተላለፊያ ተሻግሬ ደረስኩ። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ሚስስ አይቪ ናቸው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ነርስ የነበሩ ሴት። ከውስጥ የክሪኬት ጨዋታ ድምፅ ይሰማል።

«ተኝቷል» አሉኝ፤ እያፈሩ።

«ይረፉ» ብዬ ኬኩን ሰጥቼ ተመለስኩ።

በማስተንፈሻው ክፍል ብዙ ነገር ተለወጠ። ዶክተር ፋርሃድ እያንዳንዱ ቱቦ ላይ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አስገጠሙ፤ ከእንግዲህ የአይጡ ትንፋሽ በግምት አይገባም አሉ። እኛም ንጹሕ አየር የሚነፋ ጭንብል ማድረግ ጀመርን፤ የምንስበውን አየር የሚለካ ትንሽ መሣሪያም በአንገታችን ሥር እንሰካለን። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ክፍል ውስጥ አይጡ የሚስበውን እንጂ ሰው የሚስበውን የለካ አልነበረም። መድኃኒቱ እንደገና ሲለካ ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ ከሞዴሉ ጋርም ተቀራረበ። ዶክተሩ ውጤቱን ሲያሳዩን ማንም አላጨበጨበም። የሚስተር ደስመንድን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። አልቀበልም ልል ነበር፤ ከዚያ አዲስ የገባች ቴክኒሻን አይጥ ከላይ ስትነጥቅ አየሁና ተቀበልኩ።

ከዓመት በላይ አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«አዲሶቹ ቱቦዎች ጫፋቸው ጠቧል ወይስ ያው ነው?» አለ ድምፁ። ሰላምታ የለም፤ ስም የለም።

«ትንሽ ጠበዋል» አልኩ። «ለትልልቆቹ አይመቹም።»

«ቀድመው ይልመዱት። ቸኩላችሁ እንዳታስገቧቸው።»

«እሺ፣ ሚስተር ደስመንድ።»

ዘጉት። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ይደውሉ ጀመር። ስለ ፊልተር፣ ስለ ሚዛን፣ አንዳንዴ ስለ ክሪኬት። ድምፃቸው እየጠራ፣ ትንፋሻቸውም እየረዘመ መጣ። ስለዚያች ጠዋት ግን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ይቅር ማለታቸው ይሁን ሥራው ናፍቋቸው፣ ለይቼ አላወቅሁም። ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

ክፍሉ እንደሚዘጋ ሲነገረን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው።  «ጊዜው ነው» አሉ። «ያለ እነሱ መሥራት ከተቻለ ያለ እነሱ ይሠራ።» የመጨረሻዎቹን አይጦች እኔና ያቺ ቴክኒሻን ጨረስን። ታወሩን ፈታተን አጠብነው። ዶክተር ፋርሃድ ወርደው ባዶው ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆሙ፤ እጄን ጨብጠውኝ ወጡ። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ከሜሮን ጋር ምሳ ከበላን ብዙም ሳይቆይ ሚስስ አይቪ ደወሉ። ሚስተር ደስመንድ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆሟል። ሳንባቸው አይደለም፤ ልባቸው ነው።

ቀብራቸው ከቤታቸው በማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግርማና ሜሮን አብረውኝ መጡ። ቤቱ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ትልልቅ ባርኔጣ አድርገዋል፤ መዘምራኑ ቆመዋል። እኔ ከኋላ ያለውን ወንበር መረጥኩ። ከዚያ ቤተሰብ ፊት ምን ብዬ ልቀመጥ? ከሚወዱት ሥራ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ሚስስ አይቪ ከፊት ተነስተው መተላለፊያውን ይዘው ወደ ኋላ መጡ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አጠገቤ ሲደርሱ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ስንዱ፣ ነይ ከፊት።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ሚስስ አይቪ።»

«ያን ጊዜ እቤት ገብቶ ስምሽን ያነሳው እየተራገመ ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም አብሬው ተራገምኩ። ኋላ ሐኪሙ፣ እዚያ ክፍል ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ደረትህ አይመለስልህም ነበር ሲለው፣ እቤት እስክንደርስ አልተናገረም። በማግስቱ ኬኩን ማን እንዳመጣው ጠየቀኝ። ያኔ ከመጣሽ ወራት አልፈዋል! የልጅ ልጆቹን ያሳደገው ከዚያ በኋላ ባገኘው ዕድሜ ነው።»

 እጄን አልለቀቁም። ይዘውኝ እስከ ፊተኛው ረድፍ ሄዱ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በጥቁር ልብስ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ለእሱው ብሎ እሱን እምቢ ያለ ሰው ከኋላ አይቀመጥም» አሉኝ። «እምቢ ያልነው ብዙ አይደለንም።»

ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።